ፊልሙ ከአልጋ ሲወርድ

የአማርኛ ፊልም ሰው ካልነቃ አይጀምርም። መጀመሪያ አዲስ አበባ ከላይ ትታያለች፤ ድሮን የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ሳያንዣብብበት የቀረ ፎቅ የለም። ቀጥሎ ስልክ ይጮኻል። አንድ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ብቅ ይልና ስልኩን ዳብሶ ያጠፋዋል። ሰውዬው ይንጠራራል፣ ያዛጋል፣ መስታወት ፊት ቆሞ ጥርሱን ይቦርሻል። አረፋው ሳይቀር በቅርበት ይታየናል። ሸሚዙን ይቆልፋል፣ መኪናውን ያስነሳል፣ የቀለበት መንገዱን ይይዛል። በዚህ ሁሉ መሃል ምስጋናው ከታች ወደ ላይ ይግተለተላል፤ አልጋውን ለሰጠው ሆቴል፣ ሶፋውን ላዋሰው ፈርኒቸር ቤት፣ ምሳ ላበላው ሬስቶራንት። እኛ ፈንዲሻችንን ጨርሰናል፤ ሰውዬው ገና ቢሮው አልደረሰም።

የእህቴ ልጅ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ፊልም ትማራለች። መምህራቸው የሰጣቸው የቡድን ሥራ የፊልም መክፈቻ መሥራት ነው። ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ መጀመሪያ ብቻ፤ የቀረው አይጠየቅም። ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቅ ተመልካቹ «እሺ፣ ከዚያስ?» ካለ ሥራው ተሳክቷል፤ ስልኩን ካወጣ አልተሳካም። መምህሩ ለምሳሌ ያነሳላቸው «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን ነው። የአገራችን የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም የሚባለው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ፣ አዳራሹ መብራት ሳያጠፋ በርዕሱ ብቻ ሰውን «እውነት ማነው?» ያሰኝ ነበር። መምህሩ ይህን ካስረዳ በኋላ ሦስት ነገር ከለከለ፤ አልጋ፣ መስታወትና ድሮን።

የእህቴ ልጅ ቡድን አንገቱን ደፋ። የጻፉት ድርሰት ከሦስቱ ሌላ ምንም አልነበረውም።

ወደ መርካቶ ያመጣቸው እንግዲህ ችግር ነው። ገንዘብ የሌለው ፊልም ሠሪ ቦታ የሚመርጠው በኪሱ ነው፤ መርካቶ ደግሞ ቤት ማስጌጥና አጃቢ ተዋናይ መቅጠር የማያስፈልግበት ሰፈር ነው። ሕዝቡ ጠዋት በራሱ ሰዓት ይገባል፤ ልብሱን ለብሶ፣ ዕቃውን ተሸክሞ፣ የሚናገረውን አሳምሮ አውቆ። እኔ የተጠራሁት አዲስ ከተማ ስላደግሁና ሸራ ተራ ውስጥ የምጨብጣቸው ሰዎች ስላሉኝ ነው። ማዕረጌም ወዲያው ተነገረኝ፤ «ጋሼ፣ አንተ ሎኬሽን ማናጀር ነህ።»

የመጀመሪያው ስብሰባ ካፌ ውስጥ ተደረገ። አምስት ተማሪዎች ሁለት ማኪያቶ አዘው ግማሽ ቀን ተቀመጡ። አጀንዳው የሥራ ክፍፍል ነበር፤ አምስቱም ዳይሬክተር መሆን ይፈልጋሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ ዳይሬክተርነቱ ለእህቴ ልጅ ሆነ፤ ሎኬሽን ማናጀሩ ዘመዷ ስለሆነ። ድርሰቱ የእጅ ጽሑፉ ለሚነበበው ልጅ ተሰጠ። ካሜራው እጁ ለማይንቀጠቀጠው፣ ትወናው የቆዳ ጃኬት ላለው። ድምፅ ለማን ይሁን ሲባል አምስተኛው ልጅ ሽንት ቤት ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ድምፅ ያዥ ሆኖ ጠበቀው። የአማርኛ ፊልም ድምፅ እንዲህ ሆኖ የቀረበት ምክንያት ያን ዕለት ገባኝ።

ካሜራው የሰርግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ካሜራ ያለው ሰው እንጀራው ሰርግ ስለሆነ፣ በሰርግ ወራት ቅዳሜና እሑድ ካሜራ በብርም አይገኝም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሙሽራ ይጠፋል፣ የካሜራም ኪራይ ይረክሳል። የእኛ ልጆች ዕድል ሆኖ ሥራው የደረሰው በጾሙ መካከል ነው። ችግሩ ባለ ካሜራው ንብረቱን ብቻውን አይልክም፤ አብሮ ይመጣል። ዕድሜ ልኩን ሙሽራ ሲያስተካክል የኖረ ሰው ስለሆነ ደግሞ ካሜራ ባየ ቁጥር ከአፉ የሚወጣው «ፈገግ በሉ! ወደ እኔ እዩ!» ነው። ፊልም ሠሪ ከሰው የሚፈልገው ደግሞ ወደ ካሜራው እንዳያይ ብቻ ነው።

ቦታ ስንመርጥ መጀመሪያ የሄድነው ምናለሽ ተራ ነው። ካሜራ ለያዘ ሰው ምናለሽ ተራ የሚያስጎመጅ ቦታ ነው። የበርሜል ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማና ማሰሪያ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ፣ ቆርቆሮው ሳጥን። በሌላ አገር ቆሻሻ ተብሎ የሚጣለው እዚህ ሁለተኛ ልደቱን ያከብራል። ካሜራማኑ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «የትም ብትተክለው ሾት ነው!» አለ። ድምፅ ያዡ የመለሰለትን ግን አልሰማንም። የመዶሻው ድምፅ አላሰማንም።

ስለዚህ ሸራ ተራ ሆነ። በሸራ ተራ ስፌት ማሽን ያንጎራጉራል፣ ተሸካሚ ያልፋል፣ ደላላ ይጣራል፤ ሆኖም ሰው ከሰው ይደማመጣል።

ቀጥሎ ፈቃድ። ኮሌጁ ባለ ማኅተም የትብብር ደብዳቤ ጽፎላቸዋል፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል። መርካቶ ውስጥ የማይመለከተው ሰው ስለሌለ ደብዳቤውን ሁሉም አነበበው። አንደኛው ቢሮ ወደ ሁለተኛው ላካቸው፣ ሁለተኛው «የመጀመሪያው ያውቃል ወይ?» ብሎ መለሳቸው። ደንብ አስከባሪው አነበበ፣ የጥበቃ ሠራተኛው አነበበ፣ ማንበብ የማይችል አንድ ጀብሎ ደግሞ ማኅተሙን ወደ ፀሐይ ይዞ መረመረና «ትክክል ነው» ብሎ አሳለፈን።

ደብዳቤው ያላሳለፈው ነገር ቢኖር የካሜራውን እግር ነው። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ መንገዱ መሃል ገና ከመቆሙ ሸራ ተራ ጸጥ አለ። አንድ ነጋዴ ካልኩሌተሩን አስቀምጦ ወጣ። «ስንት ሜትር ነው የሚገባው?» አለኝ በዝቅተኛ ድምፅ። መንገድ የሚያሰፋው ኮሪደር ልማት ከመጣ ወዲህ ሦስት እግር ያለው ነገር ሁሉ የመሬት መለኪያ ይመስላል። የፊልም ካሜራ ነው ብዬ ብምልም ከፊሉ አላመነኝም። ከጎኑ ያለው ባለ ሱቅ ሌላ ሥጋት ነበረው። ለምልክት የሚሆን አንድ ጥቅል ገመድ ከእሱ ገዝቼ ነበር፤ ካሜራው ወደ እሱ ዞር እንዳለ፣ ሳልጠይቀው፣ ደረሰኝ ቆርጦ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ለዓመታት ደንበኛው ነኝ፤ ደረሰኝ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በዚህ የሚስቅ ሰው ካለ ታሪክ ያንብብ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ የሰጠው ስም «ሰይጣን ቤት» ነው። ያኔ የተፈራው ሰይጣን ነበር፤ ዛሬ ግብርና ልኬት ነው። ካሜራ ሲመጣ የሚፈራ ነገር ጠፍቶ አያውቅም።

ያዳነን አንድ የሸራና የገመድ ነጋዴ ነው። ስማቸውን ትተን እንደ ተራው ሰው ሁሉ ሐጂ እንበላቸው። ሐጂ ከሱቃቸው ብቅ ብለው «ተማሪዎች ናቸው፣ ተዉአቸው!» ባሉ ጊዜ ገበያው ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ልጆቹን አስገብተው ሻይ አዘዙላቸውና ራሳቸው ስለ ፊልም ማውራት ጀመሩ። ለካ ሐጂ በጎረምሳነታቸው የሲኒማ ራስ ደንበኛ ነበሩ። ራስ ከሲኒማ ቤትነት ወደ ቴአትር ቤትነት ከተዛወረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም «ሲኒማ ራስ! ሲኒማ ራስ!» እያለ ነው የሚጣራው። ሐጂ በህንድ ፊልም ሲያለቅሱ መሐረብ እንደሚያዋሷቸው ሰዎች፣ ኋላም ቪዲዮ ቤት በመጣ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ካራቴውን ወደ አማርኛ ስለሚመልሰው ልጅ ነገሩን። ያ ልጅ ቋንቋውን አይችልም ነበር አሉ። ያልተባለውን ቢጨምርም ካራቴውን አላሳነሰውም።

«እስቲ እናንተ ምንድነው የምትሠሩት?» አሏቸው።

ደራሲው ልጅ አነበበላቸው። አንድ ወጣት ቦርሳ ይዞ በሸራ ተራ መሃል ይሮጣል። ሰው ይጋፋል፣ የተቆለለ ሸራ ይዘላል። ከኋላው «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ምስሉ ይጠፋና የፊልሙ ርዕስ ይወጣል።

ሐጂ ሻያቸውን አማሰሉ። «ልጁ ለምንድነው የሚሮጠው?»

«ሌባ ስለሆነ ነዋ፣ አባባ።»

«መርካቶ ውስጥ ሌባ አይሮጥም የኔ ልጅ። የሚሮጠው የተሰረቀው ነው። ሌባው ቆሞ ዋጋ ይጠይቃል።»

ልጆቹ ተያዩ። በፊልም ትምህርት ቤት ለዚህ ዓይነቱ አስተያየት ብዙ ገንዘብ ይከፈላል፤ እኛ በሐጂ ሻይ አገኘነው። ደራሲው ግን የጻፈውን ለመተው ልቡ እሺ አላለውም፤ ደራሲ ነውና። «መጀመሪያ እንደተጻፈው እንቅረጸው» አለ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ለመንኋቸው፤ «ሌባ!» የሚለውን ጩኸት በኋላ በኮምፒውተር ያስገቡት። መርካቶ ውስጥ ይህን ቃል መጮህ ልምምድ የሚባል ነገር የለውም። ሕዝቡ አንዴ ከተነሳ ተዋናዩን ለማስለቀቅ «ከት!» ማለት አይበቃም።

ቀረጻው ሊጀመር ሲል ሁለተኛው መከራ መጣ፤ ሁሉም ሰው ካሜራውን ያያል። ተሸካሚው ያያል፣ ሊስትሮው ያያል፣ ሎተሪ አዟሪው ሎተሪውን ወደ ሌንሱ ዘርግቶ ያያል። አንድ ሕፃን ከየት መጣ ሳይባል ሌንሱ ላይ አፍንጫውን አሳረፈ። ዳይሬክተሯ «እባካችሁ ካሜራውን አትዩ!» ስትል ያላየ የነበረውም ዞሮ አየ። መፍትሔውን የሰጡት አሁንም ሐጂ ናቸው። «ዝም ብላችሁ አቁሙትና ሻያችሁን ጠጡ። እዚህ የቆመ ነገር የሚያይ ሰው ሥራ የለውም፤ ሥራ የሌለው ደግሞ እዚህ አይውልም።» እንዳሉትም ሆነ። የአንዋር መስጊድ አዛን ተሰምቶ ሐጂ ሰግደው እስኪመለሱ ድረስ ካሜራው እንደቆመ ቆየ። ሲመለሱ ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ ተሸካሚ ኮቱን አንጠልጥሎበት ሄዷል።

ከዚያ የአህያዋ ጉዳይ መጣ። በመጀመሪያው ቀረጻ ጆንያ የተጫነች አንዲት አህያ ከኋላ በግርማ አለፈች። ምስሉ አማረ፤ ግን ተዋናዩ ቶሎ ተነሳና መደገም ነበረበት። በሁለተኛው ቀረጻ አህያዋ የለችም። በሦስተኛው ሁለት ሆነው መጡ። ምስል ከምስል መያያዙንም ደርባ የምትከታተለው ዳይሬክተሯ ደብተሯን ይዛ «አህያዋን መልሱልኝ!» እያለች ባለቤቱን ተከትላ ሮጠች። ባለ አህያው ዞር ብሎ «እቴ፣ እሷ ሥራ አላት» አላት።

እኔ ግን አጽናናኋቸው፤ ችግሩ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1895 ሉዊ ሉሚየር ሊዮን ከተማ ባለው የቤተሰቡ ፋብሪካ በር ላይ ካሜራ አቁሞ ሠራተኞች ሲወጡ ቀረጸ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው። የዓለም ሲኒማ ታሪክ በሱ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ይህን ፊልም ደጋግሞ ስለሠራው ሦስት ዓይነት ቅጂ አለ፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም የሚለዩአቸው አንድ ፈረስ ያለበት፣ ሁለት ፈረስ ያለበት፣ ፈረስ የሌለበት እያሉ ነው። ዳይሬክተሯ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ፤ ደብተሩ ላይም «አንድ አህያ፣ ሁለት አህያ፣ አህያ የሌለበት» ተብሎ ተመዘገበ። ልብ በሉ፤ ሉሚየርም የጀመረው ከሠራተኛ ነው። አልጋ የለበትም።

ድምፅ ያዡ የራሱ ዓለም ውስጥ ነው። ማይኩን የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አስሮ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ ቆሟል። የተዋናዩን ትንፋሽ ያዝ ቢባል የሁለት ደላሎች ምክር ነው የያዘው። የሸራ ዋጋ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚጨምር ከሁላችንም ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው፤ ሲነግረኝም በሹክሹክታ ነው። ከዚያ ባሻገር «መቶ ብር! መቶ ብር!» የሚለው የድምፅ ማጉያ አንዴ ተቀድቶ የገባ ስለሆነ አይደክመውም፣ ውሃም አይጠማው። መጨረሻ ላይ ንግግሩን ስቱዲዮ ገብተው እንዲቀዱት ተስማሙ። ይህም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው «ተች ኦፍ ኢቭል» መክፈቻ ላይ ሦስት ደቂቃ ያለፈ፣ ሳይቆረጥ የሚሄድ አንድ ረጅም ሾት ሠርቷል። መጨረሻው ላይ የጉምሩክ ሠራተኛ የሆነው ተዋናይ ያችን አንዲት ንግግሩን እየረሳ ስንት ጊዜ ስላስደገማቸው፣ ዌልስ አፉን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ፣ ድምፁ በኋላ እንደሚገባ ነግሮታል ይባላል። ጉምሩክ በየትም አገር ሥራ ያስቆማል።

ዋናው ሩጫ ደረሰ። ዳይሬክተሯ «አክሽን!» አለች። ባለ ቆዳ ጃኬቱ ቦርሳውን አቅፎ ተፈተለከ። ማንም «ሌባ» አላለም፤ ያስፈልግም አልነበረ፤ መርካቶ ውስጥ መሮጥ ብቻውን ክስ ነው። አንድ ተሸካሚ፣ በጀርባው የሸራ ጥቅል እንደተሸከመ፣ ጭነቱን ሳያወርድ እግሩን ዘረጋ። ተዋናዩ አየር ላይ ወጥቶ የተቆለለ ሸራ ላይ ወደቀ። ተሸካሚው ጥቅሉን በአንድ ትከሻው አሽቀንጥሮ፣ በሌላው እጁ የጃኬቱን አንገት ጨምድዶ፣ «ያዝኩት! ባለቤቱ ማነው?» አለ። ዓይን እስኪጨፈን ሃያ ሰው ተሰበሰበ።

«ከት! ከት!» ትላለች የእህቴ ልጅ። የሚሰማት የለም።

«እንደያዝከው ቆይ!» ብሎ ጮኸ ባለ ሰርጉ ካሜራ፣ የኖረበት ልማድ አሸንፎት። «ወደ እኔ እይ!» ተሸካሚውም ቀና ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ አየው።

ሐጂ ባይደርሱ ጃኬቱ ለትዝታ ይቀር ነበር። «ልቀቀው፣ ፊልም ነው!» አሉ። ተሸካሚው አልተዋጠለትም። «ታዲያ ቦርሳው የማነው?» ቦርሳው ተከፈተ። አንድ ደብተርና በፌስታል የታሰረ የጾም ፍርፍር ወጣ። ተሸካሚው ፍርፍሩን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ አዘነለት። ትቢያውን አራግፎለት ሲያበቃ ወደ ዳይሬክተሯ ዞረና «የያዝኩበትስ?» አላት። ሒሳቡ ተከፈለው።

ይህን ምስል ይጣሉት ወይስ ያስቀሩት? ክርክሩ ከስብሰባው የባሰ ነበር። ደራሲው «እኔ ያልጻፍኩት ነው» ይላል። ዳይሬክተሯ ግን መምህራቸው ያሳያቸውን ፊልም አነሳች። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ፊልም ሲማር «ቡሽ ማማ»ን ሠራ። መንገድ ላይ ቀረጻ እያካሄዱ ሳለ የከተማው ፖሊሶች ኃይሌንና ጓደኞቹን አስቁመው ይፈትሿቸዋል። ካሜራው ይህን ያዘ። ሌላ ሰው ቢሆን «ቀረጻችን ተበላሸ» ብሎ ይጥለው ነበር፤ ኃይሌ ግን የፊልሙ መክፈቻ ላይ አስገባው። ፊልሙ የሚናገረው በዚያ ከተማ ጥቁር ሆኖ ስለመኖር ነውና ከዚያ የተሻለ መጀመሪያ ማንም አይጽፍለትም። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 አገር ቤት መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርጾ ተመልሷል፤ ተዋናዮቹም በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። የኋላ ኋላ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ሲሸለም ዓለም ያጨበጨበለት ሰው፣ የጀመረው ሳይጠራ የመጣውን ባለማባረር ነው።

ደራሲው ተሸነፈ። ያን ጊዜ የሐጂም ነገር ትዝ አለው። ተያዡ ሌባው ካልሆነስ? የሚሮጠው የተሰረቀው ቢሆንና፣ ሕዝቡ እሱን ሲይዝ ሌባው ከፊት ቆሞ ገመድ ቢገዛስ? ድርሰቱ ሻይ ጠረጴዛ ላይ እንደገና ተጻፈ።

ለአዲሱ ሾት ካሜራው እየተንሸራተተ መሄድ ነበረበት። በሲኒማ ቋንቋ ሐዲድና ዶሊ ያስፈልጋል፤ በመርካቶ ቋንቋ ጋሪ። ካሜራማኑ ጋሪው ላይ ቁጢጥ አለ፤ ገፊው ልጅ ደግሞ በሰው መሃል ሳይነካካ ማለፍን ከማንም ሳይማር የተካነ ነው። ብቻ «ቀስ በል» ሲሉት አይሆንለትም። ባዶ ጋሪ በቀስታ ገፍቶ አያውቅም። ሁለት ጥቅል ሸራ ከካሜራማኑ ጎን ሲጫንበት እርምጃው ተስተካከለ።

ሐጂ ራሳቸውን ሆነው ተወኑ። ሌባው ገመዱን ያነሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ በመጨረሻ በቅናሽ ወስዶ ይሄዳል፤ ድርሰቱ እንደዚያ ይላል። ሐጂ ግን ዋጋው ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። «አባባ፣ እሺ ይበሉት እንጂ!» ትላለች ዳይሬክተሯ። «በዚህ ዋጋ በፊልምም አልሸጥም» አሉ። ስንለምናቸው፣ ስናስለምናቸው አልሆነም። ሌባው በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ሄደ። ተሸካሚውም ሌላውን ልጅ እንደገና እንዲይዘው ተጠይቆ ነበር፤ አሁን ግን ተዋናይ ሆኖ እየሳቀ ስለያዘው የተቀመጠው የመጀመሪያው ነው።

ኤዲቲንጉ ላይ ትንሽ ውጊያ ነበር። ባለ ሰርጉ «ሽግግሩ ላይ ርግብ ላስበርላችሁ፣ በነጻ» ብሎ አጥብቆ ለመነ። በብዙ ምስጋና እምቢ አሉት።

ክፍል ውስጥ የታየ ቀን እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። መቼም አልጋ ተከልክሏል። አንዱ ቡድን ሰውዬውን ታክሲ ውስጥ አስተኝቶ ወያላው ቀሰቀሰው። ሌላው ሶፋ ላይ አስተኛው፤ ሶፋ አልተከለከለማ። የእኛዎቹ ተራ ሲደርስ ጋሪው ይንሸራተታል፤ አንድ ጨዋ የሚመስል ወጣት ገመድ እየለካ ከሐጂ ጋር ይከራከራል፤ ከኋላ አንድ ልጅ ሲሮጥ ይመጣል፣ ይወድቃል፣ ሃያ ሰው ይይዘዋል። ጨዋው ወጣት ዞር ብሎ አያይም። ሙሉ ዋጋውን ከኪሱ ሳይሆን ከአንድ የሴት ቦርሳ አውጥቶ ይከፍላል። ምስሉ ጠፋ። አንዱ ከፊት ወንበር «እሺ፣ ከዚያስ?» አለ። መምህሩ ድምፁ ደካማ ነው፣ ሁለተኛው ሾት ይንቀጠቀጣል፣ አህያዋ አንዴ ታይታ ትጠፋለች አለ። ሁሉም እውነት ነው። ማለፊያ ውጤት ግን ሰጣቸው።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደዚህ ካዛወረው ወዲህ መርካቶ አገር ሲያለብስና ሲያበላ ኖሯል፤ በፊልማችን ውስጥ ግን የሚታየው የቦሌዋ ልጅ ቦርሳዋን ስትሰረቅ ለሦስት ሰከንድ ነው። ፊልም ሲከፈት ማንን እንደምናይ ያኔውኑ ይወሰናል። ጥርሱን የሚቦርሽ ሰው ሁለት ደቂቃ ከተሰጠው፣ ኩንታል ተሸክሞ በሰው መሃል ሳይነካካ የሚያልፍም ሁለት ደቂቃ አያንሰውም። ለማየት ድሮን አያስፈልግም፤ ቁመቱን ያህል ቀርቦ መቆም ነው የሚያስፈልገው።

ስለዚህ የፊልም መምህራን አልጋውን እንደከለከላችሁ ቆዩ፤ በዚያውም ሶፋውን ጨምሩበት። ተማሪዎች ደብዳቤያችሁን ያዙ፣ ሰው ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ፊቱን ያዞረውን ተዉት፣ የጋሪ ገፊውን ሒሳብ ደግሞ ጋሪው ሳይንቀሳቀስ ተነጋገሩ። የመርካቶ ነጋዴዎችም ሦስት እግር ያለው ነገር ስታዩ በር አትዝጉ። ከኋላው የቆሙት ልጆች ቁርስ ያልበሉ ከመሰሏችሁ ተማሪዎች ናቸው፤ ሻይ እዘዙላቸው። ግብር ሰብሳቢ ቁርሱን በልቶ ነው የሚመጣው።